ልጅን በአንድ ቁና አትስፈሩ

ልጆቼ፣ የመርካቶ ሰው መስፈርና መለካት እያየ ያድጋል። እህሉን በቁና፣ በርበሬውን በኪሎ፣ ጨርቁን በሜትር ሲል ስለሚውል፣ ሰውንም ገና ከሱቁ ደጃፍ ሲቆም በዓይኑ ይመዝነዋል። ገዢ ይሁን ዋጋ ጠያቂ፣ ከገጠር የመጣ ይሁን የከተማ ልጅ፣ በአንድ እይታ ይለየዋል። ይህ ለንግድ ደግ ሙያ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት፣ ይኸው ሙያ ከሱቅ ወጥቶ ቤታችን ሲገባና በልጆቻችን ላይ ሲሠራ ስለሚያመጣው ነገር ነው።

የምንለውን ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ እቁብ ተጥሎ ሻይ ስንጠጣ፣ ወይም አገር ቤት ደርሰን ስንመለስ፣ አንዱ ስለ ልጁ ይጠየቅና "እሱማ የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ቀርቷል፤ ቋንቋውንም አይሰማ" ይላል። ሌላው ይቀበልና የራሱን ልጅ ያሞግሳል፤ "የኔው እንኳ ያገሩን ልማድ አልጣለም" ይላል። ልጆቹ እዚያው ናቸው፤ ይሰማሉ። "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" ይላል ያገራችን ሰው። አንድ ጊዜ "የኛ አይደለም" የተባለ ልጅ ያንን ቃል ይዞ ያድጋል፤ ካደገም በኋላ እውነት ያደርገዋል።

እኔ የሰባት ቤት ጉራጌ ተወላጅ ነኝና በምሳሌ የማነሳው የወገኔን ነገር ነው። ነገሩ ግን የስልጤውም፣ የጋሞውም፣ የኦሮሞውም፣ ከጎጃምና ከወሎ መጥቶ እዚህ ጎጆ የቀለሰውም ነው። እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ቤት አድርጋችሁ ስሙኝ።

"ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ" ነውና ከሰፈራችን እንነሳ። ይህ ገበያ ራሱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የቀድሞው የአዲስ አበባ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያን አገራችንን ይዞ በቆየበት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ነጩን ለብቻው አገሬውን ለብቻው ለማስፈር ብሎ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ እዚህ ተከለው፤ አዲስ ከተማም ያኔ ተቆረቆረች። ጠላት ሰውን ለመለያየት ያቆመው ሰፈር ግን ሰው የሚገናኝበት ሆነ። ጉራጌው መጣ፣ ስልጤው መጣ፣ ሐረሪው መጣ፣ የጋሞ ሸማኔ መጣ፣ የሸዋ ኦሮሞ እህሉን ጭኖ መጣ። ባሕር ተሻግረው የመጡ የየመን አረቦችም ሱቅ ከፍተው፣ ካገሬው ተጋብተው ወልደው ኖሩ። አብዛኞቹ በአብዮቱ ዘመን ወጥተው ቢሄዱም፣ የሰፈርን ሱቅ ዛሬም ድረስ "አረብ ቤት" የሚል አዲስ አበቤ ሞልቷል። ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እዚሁ መካከላችን ጎረቤታሞች ሆነው፣ አዛኑና ቅዳሴው አንድ ሰማይ ስር ሲሰማ ያደግን ሰዎች ነን።

እዚህ ገበያ ውስጥ ያገሬ ልጅ እንዴት ከተሜ ይሆን ነበር? በልጅነቱ ይመጣል። ከአጎቱ ወይም ካገሩ ሰው ሱቅ ያድራል። ሲነጋ ደጃፉን ይጠርጋል፣ ዕቃ አውጥቶ ይደረድራል፣ ቀኑን ሙሉ ሲላላክ ይውላል። ዘመድ ያላገኘው በሊስትሮነት ይጀምራል። አማርኛውን የሚማረው ከደንበኛ አፍ ነው፤ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ዋጋውን፣ ቀጥሎ መሐላውን። ያገሩን ቋንቋ ግን አይጥለውም፤ እንዲያውም ለሥራው ይፈልገዋል። ደንበኛ ቆሞ ሲከራከረው "የመጨረሻ ስንት ልበለው?" ብሎ አጎቱን የሚጠይቀው በዚያው ነው። አጎቱም ሒሳቡን ሳያቋርጥ፣ ቀና ሳይል፣ በዚያው ቋንቋ ይመልስለታል። በአንድ አፍ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለቱም እንጀራ የሚበላባቸው። "እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደወንዙ ይሻገሩ" የተባለውን ያ ልጅ ማንም ሳይነግረው ኖሮበታል።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ የምመልሳችሁ ግን ወዲያው ነው። ሰው ከገባበት ባህል ጋር ምን ያህል እንደተዋሐደ በመለካት ብዙ የደከመ አገር አሜሪካ ነው። ከሜክሲኮ፣ ከኩባ፣ ከፖርቶ ሪኮና እስፓኒሽ ከሚነገርባቸው ሌሎች አገሮች ዘራቸው የሚመዘዘውን ሰዎች ሂስፓኒክ ይሏቸዋል። አንዳንዶቹ ትናንት የገቡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የአሜሪካ ድንበር ወደነሱ ሳይመጣ በፊት ጀምሮ እዚያው ቀዬአቸው ላይ የነበሩ ናቸው። ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ምሁራን እነዚህን ሰዎች ለማከምና ለመርዳት ሲነሱ፣ ሰውየው የትኛውን ባህል ይዞ እንደሚኖር ማወቅ አስፈለጋቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. ኩዌያር፣ ሃሪስና ሃሶ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ለሜክሲኮ ዝርያዎች 20 ጥያቄ ያለው መለኪያ አወጡ። የትኛውን ቋንቋ ትናገራለህ፣ ራስህን ምን ብለህ ትጠራለህ፣ ከማን ጋር ትውላለህ የመሳሰሉ ጥያቄዎች ናቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ ማሪንና ባልደረቦቹ 12 ጥያቄ ብቻ ያለው አጠር ያለ መለኪያ አወጡ፤ እሱም ይበልጡን የሚጠይቀው ስለ ቋንቋ፣ ስለሚሰማው ሬዲዮና ስለሚታየው ቴሌቪዥን፣ ስለ ጓደኛ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ? ሰውን በአንድ ገመድ ላይ ያቆመው ነበር። ገመዱ በአንድ ጫፉ "ፍጹም ሜክሲኳዊ"፣ በሌላው ጫፉ "ፍጹም አሜሪካዊ" ነው። ወደ አንዱ የተጠጋ ሁሉ ከሌላው ራቀ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ሲጠራ እስፓኒሹ እንደተበላሸ ይቆጠርበታል። ኋላ ግን ሁለቱንም አሟልቶ የያዘ ሰው በዝቶ አገኙ፤ ገመዱ ላይ ቦታ አጡለት። ስለዚህ በ1995 እ.ኤ.አ. ያንኑ መለኪያ አድሰው ለሁለት ከፈሉት። ያገሩን ለብቻ፣ የገባበትን ለብቻ መስፈር ጀመሩ። አንዱ ሲሞላ ሌላው የግድ አይጎድልም አሉ።

እኛ ያለንበት ግን ያ የቀድሞው ገመድ ላይ ነው። ለዚህም የምንጠቅሰው ተረት አለን፤ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" እንላለን። ተረቱን አልነቅፍም፤ አባቶች ለስግብግብ ሰው የተናገሩት ልክ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ጌታ አያገለግልም፣ በአንድ ቀን ሁለት ገበያ አይውልም። ቋንቋና ልማድ ግን ዛፍ አይደሉም። ሁለት ቁና ናቸው፤ አንዱን ለመሙላት ሌላውን መገልበጥ አያስፈልግም። የሚጎድል ካለ የሚጎድለው ሳይሞላ በመቅረቱ ነው እንጂ ሌላው ስለሞላ አይደለም። ይህችን ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ የምለው ሁሉ የሚቆመው በሷ ላይ ነው።

ምስክር ጥሩ ብትሉኝ ምስክሮቼ የናንተው አባቶች ናቸው። በ1950ዎቹ ከመርካቶና ከሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ተሰባስበው፣ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ ከየኪሳቸው እያዋጡ ወደ አገር ቤት መንገድ ያስወጡትን ሰዎች አስቡ። እነዚያ ሰዎች በሚገባ ከተሜ ባይሆኑ፣ የቢሮውን ደብዳቤና የባለሥልጣኑን ደጅ ባያውቁ፣ ነግደው ባያተርፉ፣ ገንዘቡን ከየት ያመጡት ነበር? ያገራቸው ሰው ሆነው ባይቀሩስ ለምን ይሰጡት ነበር? ያ መንገድ የተሠራው ሁለቱ ቁና በሞላላቸው ሰዎች ነው። እድሩም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባን እድር ጅማሬ ከጉራጌ መጤዎች ጋር አያይዘው የሚተርኩ ብዙ ናቸው፤ ዛሬ እድር የማነው ቢባል የሁሉም ነው፤ ዘር ሳይጠይቅ ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል።

ሌላም ምስክር አለኝ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የተባለው ደራሲ የጉራጌ ተወላጅ ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በገዛ ቋንቋው በቸሃ ጻፈው፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ታተመ። ይኸው ሰው በአማርኛ ልብ ወለድ ጻፈ፣ በእንግሊዝኛም ጻፈ፣ የቻርልስ ዲከንስንም የሁለት ከተሞች ታሪክ በአማርኛ እንድናነበው አደረገ። እሱን በዚያ በአንድ ገመድ ላይ የት ታቆሙታላችሁ? ቸሃው አማርኛውን አልከለከለው፣ አማርኛው እንግሊዝኛውን አልከለከለው።

ለውጡም አንድ ወገን ብቻ የሚደርስበት አይምሰላችሁ። በ1936 እ.ኤ.አ. ሬድፊልድ፣ ሊንተንና ኸርስኮቪትስ የተባሉ ሦስት የአሜሪካ ምሁራን ይህን ጉዳይ ሲያጠኑ፣ ሁለት ባህል ሲገናኝ መጤውም ባለቤቱም ሊለወጡ እንደሚችሉ ጽፈዋል። እኛ ይህን በሆዳችን እናውቀዋለን። በጣባ የሚቀርበው ክትፎ፣ ከጎኑ የሚቀመጠው አይብና ጎመን፣ ቆጮው፣ ዛሬ የከተማው ሁሉ የድግስ ምግብ ነው። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ በጻፈው መጽሐፍ የእንሰት ባህል ሕዝብ ይለናል፤ ያ እንሰት በቅጠሉ እየተጠቀለለ መርካቶ ገብቶ ጤፍ የለመደውን አፍ ሁሉ አስለምዷል። ከተማዋ እኛን ስትለውጥ እኛም ከተማዋን ለውጠናታል።

ታዲያ ሁሉ ሰላም ነው ማለቴ ነው? አይደለም ልጆቼ። አሁን ወደሚከብደው ልግባ።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ፣ በአዲስ አበባ ከሚኖረው ሰው ከመቶ 16ቱ "ጉራጌ ነኝ" ብሎ ተቆጥሯል። አፍ መፍቻ ቋንቋዬ ጉራጊኛ ነው ያለው ግን ከመቶ 8 ብዙም አይበልጥም። ግማሹ ማለት ነው። የስልጤም ልጆች ሦስት በመቶ ሲጠጉ በቋንቋው አፋቸውን የፈቱት ሁለት በመቶ አይሞሉም። እስቲ በዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ እንቆይ። አንዱ አይቶ "ይኸው ግማሹ ጠፍቷል" ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሌላውን ነው። በቋንቋው አፉን ያልፈታው ያ ሁሉ ሰው፣ የጠያቂው እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ፣ ማንም ሳያስገድደው "ጉራጌ ነኝ" ብሏል። ራሱን አልካደም። አሜሪካ ያሉት ሂስፓኒኮችም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ፒው የተባለ የጥናት ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከአስሩ ወደ ስምንቱ የሚጠጉት ሂስፓኒክ ለመባል እስፓኒሽ መናገር ግድ አይደለም ብለዋል።

ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ይናገራል፤ ቋንቋውን አጥርተው ከማይናገሩት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ በዚሁ ምክንያት የገዛ ወገናቸው እንዳሳፈራቸው ተናግረዋል። የባዕድ ሰው አይደለም ያሳፈራቸው፤ የገዛ ወገናቸው ነው። ይህን ስሰማ የኛው ቤት ነው የመጣብኝ።

አንድ የማውቀው ቤት አለ፤ ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ፣ በየግቢው ያለ ነውና። አያት ለሕክምና ካገር ቤት ትመጣለች። ልጇ መርካቶ ነጋዴ ነው፤ ምራቷም ያገር ልጅ ናት። የልጅ ልጇ አሥር ዓመት ሆኖታል። እናትየው ሳሎን እስካለች ድረስ ወሬው ይፈስሳል፤ አያት ትናገራለች፣ እናት በአማርኛ ትመልሰዋለች፣ ልጁ ይስቃል፣ የሱም መልስ ተገልብጦ ወደ አያቱ ይደርሳል። እናት ቡና ልታቀራርብ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ግን ሁለቱ ዝም ይላሉ። አያት የልጁን እጅ ይዛ ታሻሻለች። ልጁ ፈገግ ይላል፣ ደግሞ መሬት ያያል። ከዚያ አባት ከሱቅ ይመጣና ይህን አይቶ "አታፍርም? አያትህን እንኳ ማናገር አትችልም!" ይላል።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተን ልጠይቅህ። ያንን ቋንቋ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ስትናገረው ዋልክ? ከጎረቤት ሱቅ ካለው ባልንጀራህ ጋር፣ ከእቁብ ጸሐፊው ጋር፣ ካገር ቤት በስልክ ከሚደውልልህ ሰው ጋር። ማታ ቤትህ ስትገባ ደክሞሃል፤ ቋንቋውን ከሱቁ ጋር ቆልፈህበት መጥተሃል። ለልጅህ የቀረው "እራት በላህ? ጥናት አጠናህ?" የሚል የደከመ አማርኛ ነው። "የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ" የሚባለው ይህ ነው። ቁናውን ባዶ ያስቀመጠ ሰው፣ ለምን ባዶ ሆንክ ብሎ ቁናውን አይመታም።

እርግጥ ሰበቡ ሁሉ ያባት አይደለም። ጉራጌ ራሱ ብዙ ቋንቋ ነው፤ ቸሃውና ክስታኔው በየራሳቸው ቢናገሩ ለመግባባት ይቸግራቸዋል። የሁለት ቤት ልጆች ሲጋቡ የጋራቸው ቋንቋ አማርኛ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱም አማርኛ ነው፤ ጓደኛውም አማርኛ ነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እንዲሉ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማንም ሳይወስን፣ ከሦስተኛው ትውልድ ላይ ስንደርስ ቋንቋው አያት ብቻ የምትናገረው ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ የሚብሰው ግን በወላጅና በልጅ መካከል የሚከፈተው ርቀት ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳፖችኒክ የተባለ ምሁር ማያሚ ከተማ ከኩባ የተሰደዱ ቤተሰቦችን አጥንቶ ያገኘው ይህንኑ ነው። ልጆች አዲሱን ባህል በፍጥነት ይለምዱታል፤ ወላጆች ዘግይተው ይከተላሉ፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይከተልም። ልጁ ሲሮጥ አባት ይቆማል፤ አባት ሲቆጣ ልጁ ይብሱን ይሮጣል። አባት "ባህሌን ናቀ" ይላል፣ ልጅ "አባቴ አይገባውም" ይላል። ብዙ ጊዜ ቤት ያፈረሰው የባህሉ መለወጥ ሳይሆን ይህ መራራቅ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ወዴት እንደደረሰ ከመለካታችሁ በፊት በናንተና በሱ መካከል ስንት እርምጃ እንዳለ ለኩ። ዘፈኑን አንድ ቀን አብራችሁ ስሙለት። ኳሱን አብራችሁ እዩለት። "ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ" ነው የተባለው፤ የከተማ ልጅ ንፍጡ ከተሜነቱ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ጆን ቤሪ የተባለው የካናዳ ምሁር፣ ሰው በሁለት ባህል መካከል ሲቆም አራት መንገድ አለው ይላል። ሁለቱንም ይዞ የሚሄድ አለ። የራሱን ጥሎ በአዲሱ የሚዋጥ አለ። አዲሱን ሸሽቶ በራሱ ብቻ የሚዘጋ አለ። አራተኛው ከሁለቱም ያልሆነ ነው፤ ያገሩንም አላወቀ፣ ከተማውም አልተቀበለው። እኔ ለልጆቻችን የምፈራው አራተኛውን ነው። አገር ቤት ሲሄድ "የከተማ ልጅ" ተብሎ የሚሳቅበት፣ ከተማ ሲመለስ ደግሞ በአባቱ አነጋገር የሚቀለድበት ልጅ እዚያ መንገድ ላይ በቀላሉ ይገባል። ሁለት ቦታ ተሰፍሮ ሁለት ቦታ የጎደለ ልጅ ወዴት ይሂድ? የሚቀበለው የመጀመሪያው ሰው የመንገዱን አቅጣጫ ይወስንለታል፤ ያ ሰው ደግ ይሁን ክፉ ልጁ አይመርጥም።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላው ሰው ልጅ ልናገር። ዛሬ መርካቶ የሚገባው የገጠር ልጅ እንደኛ ዘመን ዘመድ ይዞ ላይሆን ይችላል። ከደቡብም ከሰሜንም መጥቶ ይሸከማል፣ ጫማ ያሳምራል፣ ሎተሪ ያዞራል። አማርኛውን ይሰብራል። ያን ጊዜ ከሱቃችን ውስጥ የሚስቅ አለ፤ ቃሉን እየደገመ የሚያስቅ አለ። አባቱ በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ እንዲሁ ሲሳቅበት የኖረ ልጅ ነው የሚስቀው! "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" የሚለውን ቃል የምንፈራ ከሆነ እዚህ ላይ እንፍራው። ይህች ከተማ ዛሬ አንዱን "መጤ" ብላ ስትለይ ዝም ያልን፣ ነገ መለያው ሲዞር የምንይዘው መከራከሪያ የለንም። ከመርካቶ ወጥተው አሜሪካና አውሮፓ የገቡ ልጆቻችንንም አስቡ። እነሱ ደግሞ ዛሬ በዚያ አገር ሰው እየተለኩ ነው፤ ልጆቻቸውም በዚያው አገር ቋንቋ ያልማሉ። ለነሱ እንዲደረግላቸው የምንጸልየውን ምሕረት በራሳችን ደጃፍ ለቆመው ልጅ እናድርገው።

እንግዲህ ምን እናድርግ ብትሉኝ፣ ትልቅ ነገር አልጠይቃችሁም። ነገሩ "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" የሚባል ዓይነት ነው።

መጀመሪያ በቤታችሁ ለቋንቋው ሰዓት ስጡት። የእራት ሰዓት ይሁን፣ የቡና ሰዓት ይሁን፣ አንዱን ምረጡና በዚያ ሰዓት ያገር ቋንቋ ብቻ ይነገር። ልጁ ሲሳሳት አትሳቁ። የሳቀ ታላቅ ወንድም ካለ እሱን ተቆጡ። ልጅ ቋንቋ የሚጥለው ከብዶት አይደለም፤ አፍሮ ነው። የናትና ያባት ቋንቋ የተለያየ ከሆነ ሁለቱም ይነገሩ፤ ልጅ ጆሮው ሰፊ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆቹን አገር ቤት ውሰዷቸው፤ በስልክ አሳይተናቸዋል አትበሉ። "የማያውቁት አገር አይናፍቅም" ነውና፣ ያላየውን እንዲወድ የምትጠብቁበት ልጅ ምን አደረጋችሁ? በመንደሩ ሰፊ ጎዳና፣ በጀፎረው ላይ፣ ሣሩን ረግጦ ይሩጥ። እንሰቱ ሲፋቅ ይይ፣ እጁን ይንከር፣ ቆጮ ከየት እንደሚመጣ ይወቅ። ለመስቀል የምትገቡም፣ ለአረፋ የምትገቡም እንዲሁ አድርጉ። አገር ቤት ላሉት ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩልኝ፤ ልጁ ሲመጣ "ቋንቋ አትችልም" ብለው እንዳይቀበሉት። ስሙን ጠርተው፣ ያባቱን የልጅነት ወሬ ነግረው ይቀበሉት። የየጆካ፣ ያገራችን የባህል ሸንጎ፣ ሽማግሌዎች የተጣላውን ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው፤ የገዛ ልጃቸውን ማስጠጋት አያቅታቸውም።

ሦስተኛው ለእድርና ለእቁብ ዳኞች ነው። የእድራችሁ አዳራሽ ከወር ወር ባዶውን ይውላል። ለቅሶ ሲኖር ብቻ የሚከፈት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆች ይከፈት። አገር ቤት ያደገች፣ ቋንቋውን የምትችል እናት አትጠፋም፤ ልጆቹን ሰብስባ ተረት ትንገራቸው፣ ትጠይቃቸው፣ ታስቃቸው። የጎረቤት ልጅ፣ ጉራጌ ያልሆነም፣ ልማር ካለ ይግባ። ለድንኳንና ለወንበር የምታዋጡትን ያህል ባይሆን እንኳ ለዚህ ትንሽ መድቡለት።

ወጣቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። አባታችሁ ሲቆጣ ልቡ የሚነግረውን ስሙለት፤ ከቁጣው ስር ያለው ፍርሃት ነው። እሱ አማርኛን ከደንበኛ አፍ እየለቀመ የተማረ ሰው ነው፤ ሲማር ተስቆበታል። ሁለት ቋንቋ መያዝ ምን እንደሚያስከፍል ከናንተ በላይ ያውቃል። አጠገቡ ቁጭ በሉና አንድ ቃል ጠይቁት። ከዚያም ሌላ ቃል። ብትሳሳቱም እሱ ፊት ተሳሳቱ።

አባቶች፣ የዘንድሮው መስቀል ሩቅ አይደለም። የበሬውን እቁብ ስትቆጥሩ፣ እናቶችም የቅቤውን ስታሰናዱ፣ የልጆቹን የጉዞ ወጪ ከወዲሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። መስከረም ሲጋመስ አውቶቡስ ተራ ወንበር አይገኝምና ቦታቸውን ቀደም ብላችሁ ያዙ።